ራስጌው ውስጥ ያለው ጥንዚዛ

ባሌ አናጢ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሱ በር ይገባል፣ በሱ አልጋ ይተኛል። እኔ ግን ልጄን ወልጄ እስክድር የተኛሁት ሲጥ ሲጥ የሚል የብረት አልጋ ላይ ነው። «ቆይ፣ ያንቺን አስቤበት ነው የምሠራው» ይለኛል። አስቦ አስቦ አምና ሠራልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀን አረፍ ልበል ብዬ ጋደም ስል፣ ከራስጌው ጣውላ ውስጥ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ!

«አንተ፣ አልጋውን የሆነ ነገር እየበላው ነው!»

«ምንም የለም። አንኳኩቼ የመረጥኩት ጣውላ ነው።»

ኩራቱ ይቺው ናት። ጣውላ መሸጫ ይሄድና በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ትል የቦረቦረውን በድምፁ ይለያል። ነጋዴዎቹ እንኳ ሲጨንቃቸው እሱን ነው የሚጠሩት። እኔ በየጠዋቱ ከአልጋው ሥር የእንጨት ዱቄት እጠርጋለሁ፣ እሱ «ከልብሴ የረገፈ ሰጋቱራ ነው» ይለኛል። እርር ድብን አልኩ! ኋላማ ያበድኩ ሁሉ መሰለኝ።

አንድ እሁድ ልጃችን መጣች። ገና ጋደም ከማለቷ ብድግ አለች።

«እማዬ፣ ምንድነው የሚቀረጥፈው? አባዬ፣ አይሰማህም እንዴ?»

ባሌ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ራስጌውን አንኳኳ። ደግሞ አንኳኳ። ፊቱ አመድ መሰለ።

በሳምንቱ ባለጉዳዩ ራሱ ጣውላውን በስቶ ወጣ፤ ቀንዱ ከገላው የሚረዝም ጥንዚዛ፣ ትራሴ ላይ ይንጎራደዳል! ጣውላው ሲገዛም ትሉ ውስጡ ነበር ለካ። በመጫሚያዬ ልለው ስል ባሌ እጄን ያዘኝ።

«ተዪው። ጆሮዬን የመጋዙ ማሽን ከበላው ቆይቷል፤ ወሬ እሰማለሁ፣ ስስ ድምፅ ግን አይሰማኝም» አለኝ።

«እና እስከ ዛሬ አትነግረኝም?»

«ጣውላ የማይሰማ አናጢን ማን ያሠራዋል?»

ወይ የኔ ነገር! ማዘን ሲገባኝ ጭራሽ ነደድኩ። «እኔስ? እኔ ጆሮ የለኝም?» ብዬ ጮህኩበት። ይቺን ግን ሰማ።

ይኸው በስተርጅናዬ ጣውላ መሸጫ ፀሐይ ላይ ተገትሬ እውላለሁ። እግሬ ያብጣል፣ ነጋዴው ያላግጥብናል፣ እኔም ስነጫነጭ እውላለሁ። እሱ ያንኳኳል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ዓይኑ ግን እንጨቱ ላይ የለም፤ እኔን፣ ፊቴን ነው የሚያየው።