ወደ ግራ የሚጠብቁ ብሎኖች

በዚያ ቅዳሜ ብቸና፣ ጀማል ሱቅ ውስጥ የነበርነው አራት ነን። ባለ ሱቁ ጀማል ከባንኮኒው ጀርባ፤ ሰዓት ሊያዩ የመጡት መምህር ጌታነህ በርጩማ ላይ፤ የጋሽ እንድሪስ ልጅ ዘሐራ በሩ አጠገብ፤ እኔ ከእሷ ኋላ። ጀማል ከመሳቢያው ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አውጥቶ ክዳኑን ሲያነሳ የቅርንፉድ ሽታ ወጣ። ዘሐራ ክንዴን ያዘችኝ። ያን ሽታ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ሞጣ ላይ ጋሽ እንድሪስ የሠሩትን ሰዓት ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጡ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ይጨምሩ ነበር። ቤታችን ከቤታቸው ጋር አጥር ይጋራል። በረንዳቸው ላይ፣ በአሮጌ የስፌት መኪና እግር ላይ በተጋደመች ጣውላ ፊት ይቀመጣሉ። አጉሊ መነጽራቸው በላስቲክ ግንባራቸው ላይ ታስሯል፤ የወደቀ ዕቃ እንዳይጠፋ ጉልበታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። ሞረዳቸው እንደ ፌንጣ ድምፅ ያሰማል። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር የሚሰማውን ቲት ቲት ጠብቀው ነው ሰዓት የሚያስተካክሉት፤ በዚያች ቅጽበት የሚያናግራቸው ሰው መልስ አያገኝም። ሞላውንና እንደ ፀጉር የቀጠነውን ጥምዝ ሽቦ ካረጁ ሰዓቶች ይወስዳሉ። ጥርሳም ጎማዎቹን፣ ቆጣሪዎቹን፣ የነሐሱን ቤትና ብሎኖቹን ግን በእጃቸው ይሠራሉ። ቁጥሮቹን በግዕዝ ይቀርጿቸዋል። አንዷ ሰዓት ዓመት ትፈጃለች።

ብሎን የሚያወጡባትን የብረት ገበታ የሠሩት በወጣትነታቸው ነው። ተሳስተው ጥርሷን በተቃራኒ አወጡት፤ ከዚያም ዕድሜ ልካቸውን አልቀየሯትም። ስለዚህ የእሳቸው ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን ያወቅሁት በጥፋት ነው። የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሊሰግዱ ሲገቡ ጠብቄ ካቻቪቴውን አነሳሁና ልፈታ ወደ ግራ ሳዞር የአንዷን ብሎን አንገት ቆረጥኩ። ተመልሰው አዩ። አልመቱኝም። “ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር” አሉኝና ተቀመጡ። ለዚያች ብሎን ሁለት ቀን አቀረቀሩ።

ጀማል የሞጣ ልጅ ነው፤ ብቸና ሄዶ ስልክና ሰዓት መሸጫ ከፈተ። አንድ ቀን ስኳር ይዞ መጣ። “ጋሼ፣ እጅዎ ላይ ያለችውን ያውሱኝ። እዚያ ላሉ ሰዎች አሳይቼ በሳምንቱ እመልሳለሁ” አላቸው። የመጨረሻ ሥራቸው ነበረች። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሌላ እንደማይሠሩ ያውቁታል። ፈተው ከነቆርቆሮ ሳጥኗ ሰጡት።

ሳምንቱ ሁለት ዓመት ሆነ። ከብቸና የመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር “ጀማልን አየኸው?” ይላሉ። አንጓቸው ላይ ሰዓቷ የነበረችበትን ነጣ ያለ ክብ በአውራ ጣታቸው ያሹታል። ያ ነጭ ክብ ቀስ በቀስ ጠቁሮ ከሌላው ቆዳ ጋር ሲመሳሰል በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት ሞቱ። ጀማል ለቀብር አልመጣም። እሳቸው የተዉአቸውን የተሰባበሩ ሰዓቶች እየፈታሁ ሥራውን ብቻዬን ስማር፣ ስንት ጊዜ የጀማል ፊት እንደመጣብኝ አልቆጠርኩም።

እናም ሰዓቷን ፍለጋ ከዘሐራ ጋር ብቸና በሄድንበት በዚያ ቅዳሜ፣ መምህር ጌታነህ መዳፋቸው ላይ አድርገዋት “አንተ ነህ የሠራሃት?” ሲሉት፣ “በእነዚህ እጆቼ” አለ።

“የአባቴ ናት” አለች ዘሐራ።

“አባትሽማ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ባትሪ ይቀይሩ ነበር” አለ እየሳቀ። “ይቺን ስሠራ ሻይ አምጥተውልኝ ይሆናል።”

“እኔ እንኳ ስታወራላት እንጂ ስትሠራት አላየሁም” አሉ መምህሩ።

“ከሠራሃት ከፍተህ ውስጧን አሳየን” አልኩት። “ከከፈትካት እንሄዳለን።”

“ካልከፈትካትስ?” አሉ መምህሩ።

“ለእሷ እሰጣታለሁ። እርስዎ ይመስክሩ” አለ ጀማል።

ካቻቪቴውን ከሦስቱ የጀርባ ብሎኖች በአንዷ አስገብቶ ወደ ግራ አዞረ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው። አልተንቀሳቀሰችም። “ዝጋለች” አለ። ዘሐራ ዞራ አየችኝ። ዝም አልኩ። ጀማል ትከሻውን ጨምሮ ተጫነ። የብሎኗ አንገት ቀጭ አለ፤ ካቻቪቴውም ተንሸራትቶ የነሐሱን ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ቧጠጠው።

ሰዓቷንም ካቻቪቴውንም ከእጁ ተቀበልኩ። የቀሩትን ሁለቱን ወደ ቀኝ፣ በሁለት ጣት፣ ሳልጫን ፈታኋቸው። ክዳኑ ተነሳ። ውስጧ እየሠራ ነበር። መምህሩ ረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩና “ጀማል፣ የገዛ ሥራህን መፍታት አታውቅም?” አሉት። ላቡ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ሲወርድ ጠብታ በጠብታ ተከተልኩት። ጣፈጠኝ።

ሰዓቷን ይዘን ወደ ሞጣ ተመለስን። ጉንደ ወይን ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ሲቆም፣ ዘሐራ ጭረቱን በጥፍሯ እየተከተለች “ታውቅ ነበር” አለችኝ።

“አዎ።”

“አባባ ቢሆን ይነግረው ነበር።”

“አባትሽ ሁለት ዓመት ጠብቀውታል” አልኳት።

የብሎን ገበታዋ አሁን እኔ ጋ ናት። ሰዓቷን እንድጠግን ዘሐራ በሰው ላከችልኝ፤ ራሷ አልመጣችም። የተቆረጠችውን ለመተካት እስካሁን ስድስት ብሎን ሠርቻለሁ፣ አንዷም ልክ አልሆነችም።

ይህን የጻፍኩት ከቆምኩበት ቦታ እንዳየሁት ነው። መምህር ጌታነህ፣ ዘሐራ፣ አንተም ጀማል፣ የጎደለውን ጨምሩልኝ። ባንኮኒው ላይ ሌላ ምን እንደነበር፣ ማን የት እንደተደገፈ ተሳስቼ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። “ዝጋለች” ካለበት ብሎኗ እስከተቆረጠችበት ድረስ ምን ያህል ቆየ? በእኔ ትዝታ አንድ ትንፋሽ ነው፤ ያ ደግሞ ለመናገር አይበቃም ነበር። ከዚያ የረዘመ ከነበረ ግን አትደብቁኝ።