ቁምጣ የለበሰው ጥጃ

ልጅ ሳለሁ እናቴን እጇን ይዤ ጎረቤት የማደርስበት አንድ ክረምት ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ኮልፌም ያኔ ገና ግማሽ ገጠር ነበረች፤ ዝናብ ሲበረታ ወደ አስኮ የሚወስደው መንገድ ጭቃው ጫማ ከእግር ያወልቃል። አባቴ ጠዋት መርካቶ ወደ ጨርቅ ሱቁ ከሄደ ሳይመሽ አይመለስም። ስለዚህ እናቴን ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ።

ታናሽ ወንድሜ በፋሲካ ሰሞን በኩፍኝ ሞቶብን ነበር። እናቴ በቀብሩ ቀን አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ዝም እንዳለችም ቀረች። አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ያጎረሷትን ትውጣለች፣ ያስቀመጧት ቦታ ትቀመጣለች። ጠበልም ተወስዳ ነበር። አባቴ ሲጨንቀው ለመስቀል ወደ ወላጆቿ አገር ይዟት ሊሄድና እዚያው ትቶአት ሊመለስ ቆረጠ፤ እኔ ከእሱ ጋር ኮልፌ ልቀር ነው። ይህን ለጎረቤት ሲናገር ከሰማሁ ወዲህ የዚያ ዓመት የመስቀል ወፍም አደይ አበባም እንዳይመጣ እጸልይ ነበር። አገር ሁሉ የሚጓጓለትን በዓል የምፈራው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት እማማ ወርቄ የአባቴን ሐሳብ ሲሰሙ ወደ ቤታችን መጡና፣ ዝም ማለት ከፈለገች እኔ ዘንድ መጥታ ዝም ትበል፣ ብቻዋን ግን አትሁን አሉ። እሳቸው ቤት ክረምት በገባ ቁጥር የሠፈሩ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ለስፌት ይሰበሰቡ ነበር። አንዷ ሰፌድ፣ አንዷ ሙዳይ ትይዛለች፤ አክርማው በውሃ ርሶ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ ፍሙ ሲቀላ፣ ቀን ሲጨላልም ኩራዝ ይለኮሳል። እማማ ወርቄ ዓይናቸው ደክሞ ወስፌ መያዝ ትተው ነበርና ድርሻቸው ተረት ነው። እኛ ልጆች ከሴቶቹ ጉልበት ሥር ተሸጉጠን እንሰማለን።

እናቴን ከመካከላቸው ሳስቀምጣት ወስፌና አክርማ ሰጧት። መጀመሪያ ይዛው ብቻ ዋለች። ከቀናት በኋላ እጇ በራሱ መስፋት ጀመረ፤ አፏ ግን እንደተዘጋ ነው።

ሴቶቹ ታዲያ በእሷ ፊት ልጅ የሚሞትበት ተረት እንዳይነገር ተማከሩ። ምክራቸው የፍቅር ነበር፤ ችግሩ በእማማ ወርቄ ተረቶች ውስጥ በሰላም የሚያድግ ልጅ አለመኖሩ ነው። አንዱን ጅብ ይበላዋል፣ አንዱ ገደል ይገባል። ስለዚህ እማማ ወርቄ ልጁን ሁሉ በጥጃ ለወጡት። በዚያ ክረምት በኮልፌ ያለቀውን ጥጃ እግዜር ይወቀው፤ ጭራቁ ሳይቀር ሰው መብላት ትቶ ጥጃ ማሳደድ ያዘ። እኛ ልጆች አኮረፍን፤ ሴቶቹ ግን በዓይናቸው ገሠጹን።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፤ አንድ ምሽት እማማ ወርቄ ወንዝ ስለወሰደባት ሴት ይተርቱ ነበር። የወሰደው ጥጃዋን መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ከወንዙ ዳር አልነሳም አለች፣ ስሙን እየጠራች ዋለች፣ አደረች። እማማ ወርቄ ሲተርቱ ተረቱ ራሱ ይዟቸው ይሄዳልና፣ «ቁምጣውንም አጥባ ድንጋይ ላይ አሰጣችው፤ ሲመለስ እንዳይበርደው ብላ» አሉ።

እትዬ አስካለ፣ አፏ የማያርፍላት ጎረቤታችን፣ አንገቷን ወደ ሰፌዷ ደፍታ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እማማ፣ ጥጃው ቁምጣ ይለብስ ነበር እንዴ?»

የሳቀችው እናቴ ናት። ሳቋን ረስቼው ነበር። ስፌቱ ከእጇ ወድቆ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ አብረን እንሳቅ ወይስ እንፍራ ሳናውቅ ሳቁ ልቅሶ ሆነ፤ የት ላይ እንደተለወጠ ዛሬም መናገር አልችልም። እትዬ አስካለ ደንግጣ ልታባብላት ብድግ ስትል እማማ ወርቄ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት። እናቴ እስክትጠግብ አለቀሰች።

«ጥጃ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ልጅ ነው። ስሙም ሽብሩ ነው።»

ከፋሲካ ወዲህ በቤታችን ማንም ያልጠራው የወንድሜ ስም ነበር። ከዚያ ተረቱን ተቀብላ ቀጠለች። ሽብሩ ከወንዙ ዳር ጠጠር እየለቀመ ኪሱን ይሞላ እንደነበር፣ ኪሱ የተቀደደ በመሆኑ ጠጠሩ በመንገዱ ሁሉ ይንጠባጠብ እንደነበር ተናገረች። ሴቶቹ እየሰፉ ያለቅሱ ነበር። ሴትዮዋን ወንዙ ዳር እንዳስቀመጠቻት ተረቱን ስታቆም፣ እማማ ወርቄ «ከዚያስ?» አሏት።

«ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። እርስዎ ይጨርሱት።»

መጨረሻ የሌለው ተረት ተርተው የማያውቁት እማማ ወርቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም አላውቀውም፣ ልጄ። ነገ ነይና አብረን እንፈልገዋለን።»

በማግስቱ እጇን ልይዝ ስመጣ መደቡ ላይ አልነበረችም። በጭቃው ሮጬ ስደርስ እማማ ወርቄ ቤት ከሁሉም ቀድማ ተቀምጣ አክርማ ትነክር ነበር። እስከ መስቀል ድረስ ያንን ተረት ለመጨረስ ተከራከሩ። እትዬ አስካለ ልጁ ከወንዙ እንዲወጣ ፈለገች፤ እናቴ እምቢ አለች። አባቴ ለመስቀል ሁለታችንንም አገር ቤት ወሰደን፤ ሁለታችንንም ይዞ ተመለሰ።

እናቴ ዳነች ብዬ አላሳምረውም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልቅሳለች፤ ግን ሰው መሃል ታለቅስ ነበር፤ ስትጨርስም ፊቷን ጠርጋ ስፌቷን ታነሳለች። ያኔ ተረት የሰማሁ እንጂ መታከምን ያየሁ አልመሰለኝም ነበር። ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ያንን ተረት ስነግራቸው ልጁን ሽብሩ እለዋለሁ፤ ማን ነው ይሉኛል። ወንድሜ ነው እላቸዋለሁ፤ የፊት ጥርሱ ወልቆ በክፍተቱ ማፏጨት ይወድ እንደነበር እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ፊቴ ቆመው ለማፏጨት ይሞክራሉ።