የውሻው ፍራሽ

ሸሕዲ ገበያ፣ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሸሚዜን ስጠብቅ ነው ያየኋቸው። ብዙ ታጥቦ የሳሳ ቀሚስ የለበሱ አሮጊት ናቸው። ለውሻ ፍራሽ የሚሆን ጨርቅ ይመርጣሉ። የእያንዳንዱን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ በአውራ ጣታቸው ያሹታል። ጆንያውን ቁንጫ ያራባል፣ ተትረኑን በዚህ ሙቀት ያቃጥላል ብለው መለሱለት።

«ካኪውስ፣ እማማ? ጠንካራ ነው» አላቸው ሰፊው።

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄን ለውትድርና የወሰዱት እሱን አልብሰው ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ብለውኝ ነበር፤ ይኸው አምስት ዓመቱ።»

በመጨረሻ ወፍራም አቡጀዲ አነሱ። ሽፋኑ እየወለቀ እንዲታጠብ በአንድ ጎኑ ቁልፍ አድርግልኝ አሉት።

«ውስጡንስ? ጥጥ አለኝ።»

ከዘንቢላቸው የልጃቸውን ልብስ አወጡ፤ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ አንገቱ በላብ የወየበ ካናቴራ።

«ውሻው የሱ ነው። አሁን አርጅቷል። ከዚህ ላይ ካልሆነ አይተኛም።»

ሰፊው ካናቴራውን ተቀብሎ አየው። «ይኼም ቀድሞ ቢታጠብ ይሻላል፣ እማማ።»

ከእጁ ወስደው በቀስታ አጠፉት። «ሽፋኑን ነው እኔ የማጥበው። ይኼን ሲመጣ ራሱ ያጥበዋል።»