ራስ በመጨረሻ

ልጅ እያለሁ ቁጥር የተለማመድኩት የአዳዳን የጀርባ አጥንቶች በጣቴ እየነካሁ ነበር። አዳዳ የአባቴ እህት ናት። በእኛ በነቀምት የአባት እህት እንዲህ ነው የምትጠራው፤ ሌላ ስም እንዳላት ያወቅሁት እንኳ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። በቀደም ወገቤን አሞኝ ሆስፒታል ሄጄ፣ ወጣቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አከርካሪ አንስቶ ሲያንቀጫቅጨው፣ ለብዙ ዓመታት ያልሰማሁት ትንፋሿ ከጀርባዬ ተሰማኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ከመጋረጃው በቀር ምንም አልነበረም።

ቤታችን ጨለለቂ የሚባል ሰፈር ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ገና የባህር ዛፉ ቅጠል ጠል ጠል እየሸተተ፣ አዳዳ ሰማያዊ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ መሬት ላይ ታነጥፍና እግሯን አቆላልፋ ትቀመጥበታለች። ጽሞና ነው የምትለው። ሰፈራችን ጸሎት በጩኸት የሚጸለይበት ሰፈር ነው፤ ከግራም ከቀኝም ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። የእሷ ጸሎት ግን ድምፅ አልነበረውም። እኔ አልጋ ውስጥ ሆኜ አንዳንዴ ሞታለች ብዬ እሰጋና ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ማለቱን እስካይ ድረስ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ስትጨርስ ዘላ አትነሳም። መዳፎቿን እስኪሞቁ አፋትጋ ወገቧ ላይ ታሳርፋቸዋለች። እንደተቀመጠች ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ በዝግታ ትዞራለች። ከዚያ ቆማ ሁለት እጆቿን ጣራውን እንደምትደግፍ ወደ ላይ ትገፋና በረጅሙ ትተነፍሳለች። በመጨረሻም አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ከአንገቷ ጀምራ ወደ ታች ትታጠፋለች። ስትመለስ ደግሞ ከወገቧ ጀምራ፣ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ እስኪቀመጥ እየጠበቀች ነው የምትቃናው። ራሷ የሚነሳው ከሁሉም በኋላ ነው።

ይህን ያስተማራት ቻይናዊ ነው። ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ መንገድ ይሠሩ በነበሩ ቻይናዎች ካምፕ አዳዳ ልብስ አጣቢ ነበረች። አንድ ቀን ከሳፋው ላይ ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ተያዘና መነሳት አቃታት። የካምፑ ሽማግሌ ወጥ ሠሪ ደግፎ አስቀመጣት፤ በማግስቱም እንዴት ጀርባዋን እንደምታፍታታ በራሱ ጀርባ እያሳየ ያስተምራት ጀመር። ቋንቋ የላቸውም፣ ግን ተግባቡ። እሱ የእንቅስቃሴውን ስም ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን ስሙን መያዝ ስላቃታት “የሚስተሩ” አለችውና ቀረ።

እኔንም አስተማረችኝ። ጎንበስ ስል የልብስ ሳሙና የሚሸት መዳፏን ማጅራቴ ላይ ታሳርፍና “ሱታ፣ ሱታ፣ ኢንተላ ኮ” ትለኛለች፤ ቀስ፣ ቀስ በይ ልጄ ማለቷ ነው። “የምን ጥድፊያ ነው? ራስሽ በመጨረሻ።” እጇ እስኪነሳ ድረስ ራሴን ቀና አላደርግም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ መዳፍ ያመንኩት ነገር የለም።

ጎረቤታችን አዴ ብርቄ አንድ ማለዳ በመስኮታችን በኩል ሲያልፉ አዩዋት፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን በአየር ላይ የምታንሳፍፍ ሴት። እናቶቻቸው ቃሉ የሚባለውን የባለ መንፈስ ደጅ ትተው ወደ ወንጌል የመጡ ሰዎች ናቸውና ነገሩ አስደነገጣቸው። የሚገርመኝ፣ የእኛ ምእመን በዝማሬ መሀል የሚዘልና የሚንቀጠቀጥ ሰው አያስፈራውም። የሚያስፈራው ቀስ የሚለው ነው። አዴ ብርቄ ክፉ ሴት አልነበሩም። የፈሩት ለእሷ ነው፣ ስለፈሩም ለሽማግሌዎች ተናገሩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ድንቁ ከሁለት ሰዎች ጋር ቤታችን መጡ። “አካም ኦልተን” ብለው ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውንም ሻይ ጠጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው “እህቴ፣ ጠዋት ጠዋት እጅሽን የምታነሺው ለማን ነው?” አሏት።

“ለወገቤ ነው፣ ኦቦ።”

አልሳቁም። “አሜን ካልሽ በኋላ ነው አሉ የምታደርጊው። ከአሜን በኋላ ምን ይጨመራል?”

“ስቀመጥ አጥንቴ ይደርቅብኛል። የካምፑ ሚስተር ነው እንዲህ አፍታቺው ያለኝ።”

“ሚስተሩ የሚያመልከው ማንን ነው?”

አዳዳ ጠይቃው አታውቅም። ኦቦ ድንቁ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ የሚወዷትን ሰው በሚያናግሩበት ድምፅ፣ ካልተወችው የምትመራውን የሴቶች ጸሎት እንደምትለቅና ከጌታ እራትም እንደምትታገድ ነገሯት። ባል የላት፣ የወለደችው የላት፤ ከእኔ ሌላ ያላት ያ የጸሎት ቡድን ነው። ስትታመም የሚጠይቋት፣ ስትሞት የሚያለቅሱላት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ጣቶቿን እያፍተለተለች “እሺ፣ እተወዋለሁ” አለች።

ከዚያ ሊጸልዩላት ተነሱ። ተንበረከከች፤ ኦቦ ድንቁም እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ጸሎቱ ረዘመ። እኔ ዓይኔን መጨፈን ሲገባኝ እጃቸውን አይ ነበር። እንዳስተማረችኝ እጁ ሲነሳ ራሷም ይነሳል ብዬ ጠበቅሁ። እጁ ተነሳ። እሷ ግን እንዳቀረቀረች ቀረች።

ጽሞናው አልቀረም፣ እጥበቱም አልቀረም፤ የሚስተሩ ብቻ ቀረ። “በሩን ዘግተን እንሥራው” ብዬ ስለምናት “ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ኢንተላ ኮ” ትለኛለች። ቀስ በቀስ እየጎበጠች ሄደች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ መንገድ ላይ ሰው የምትለየው በጫማው ነበር። ሰዉ እርጅና ነው ይል ነበር፤ ያን ያህል አላረጀችም። ትንፋሿን ግን ማንም አልከለከላትም። ጎህ ሲቀድ ከብርድ ልብሱ ላይ፣ እጅ ሳይነሳ ጀርባም ሳይንቀሳቀስ፣ ያ ረጅም ትንፋሽ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

በክረምት ሞተች። ሴቶቹ ገንዘው ሳጥን ውስጥ ሲያስተኟት ራሷ ወለሉን አልነካም አለ። ተጭነው ሊያቃኑት ሞከሩ፤ እኔ ጮህኩ። በመጨረሻ ያንን ሰማያዊ ብርድ ልብስ አጥፈው ከራሷ ሥር አደረጉላት። ኦቦ ድንቁ በቀብሩ ላይ አለቀሱ፣ የእውነት ለቅሶ። እስካሁን ልጠላቸው እሞክራለሁ፣ አይሆንልኝም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ትንፋሿ ከዚያው ቦታ ይመጣ ነበር። የሞተ ሰው አይመለስም ብለን ነው ያደግነው፤ የሰማሁትን ግን ሰምቻለሁ።

ዛሬ በዚያው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት በስፒከር መዝሙር ከፍተው ስፖርት ይሠራሉ። እጃቸውን ወደ ጣራው ያነሳሉ፣ ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ደስ ይለኛል፣ ያንገበግበኛልም። ያ የሆስፒታሉ ልጅም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው ወገብሽን የጎዳው ብሎ ጎንበስ አደረገኝና “አሁን ከታች ጀምረሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ራስሽ በመጨረሻ” ሲለኝ እንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሎት ደነገጠ፣ ምስኪን።

ዛሬ ጠዋት ከጽሞናዬ በኋላ አዳዳ ብርድ ልብሷን ታነጥፍበት በነበረው ክፍል ቆምኩ። እጄ ሳላዘው የመስኮቱን መጋረጃ ሲዘጋ አየሁትና መልሼ ከፈትኩት። ታጠፍኩ። ከወገቤ ጀምሬ አጥንት በአጥንት ስመለስ፣ አንገቴ ላይ ስደርስ፣ የልብስ ሳሙና የሚሸት መዳፍ ማጅራቴ ላይ አረፈ። አልፈራሁም። ራሴንም አላነሳሁም።

“አዳዳ፣ መጀመሪያ አንቺ ቀና በይ” አልኳት፤ ጎንበስ እንዳልኩም ጠበቅኋት።