የፍልውሃው አረንጓዴ

ሰመራ ልጄ ቤት ከመጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የምቀመጥበት አንድ ካፌ አለ። ጥጉ ላይ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ አስቀምጠው የፕላስቲክ ሣር ተክለውበታል። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ካፌው ምን በደለኝ? የሚያናድደኝ በደርግ ጊዜ አዋሽ ላይ ገንዳችንን የወሰደብን ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ገንዳውን የሠራው ባለቤቴ ነው። የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ አንድ የግሪክ ነጋዴ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ መጣና እንቅልፍ አጣ። ከተሰበረ የፉርጎ መስኮት መስተዋት ቆርጦ፣ ጠርዙን በብረት አስሮ፣ በሬንጅ አጣበቀው። ከወንዙ ትንንሽ ዓሦች አምጥተን ጣቢያው አጠገብ በነበረችው ሻይ ቤታችን አስቀመጥነው። ባቡር የሚጠብቅ ሁሉ ዓሣ ለማየት ገብቶ ሻይ ያዝዝ ነበር።

ሽበቱን የምለቅመው እኔ ነበርኩ። ሽበት የምለው ውሃ የሚረጨው ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ለምለም ነው፤ ዓሣ እንቁላሉን ይጥልበታል፣ ደቃቃ ልጆቹም ይደበቁበታል። አንድ ዓይኔን ለአዞ ወንዙ ላይ ጥዬ፣ ከፏፏቴው ሥር ከጥላው በኩል እለቅማለሁ። አረንጓዴ ሁሉ ሽበት አይደለም። በጣት አሽቶ ማየት ነው። የሚያሟልጭ ከሆነ ተራ ዝልግልግ ነው፤ ሻከር ብሎ፣ ወደ ብርሃን ሲይዙት ግንዱና ደቃቅ ቅጠሉ ከታየ ሽበት ነው። እሱን በክር ጠጠር ላይ አስሬ፣ ቀንድ አውጣው እስኪለቀው በሳፋ ውሃ አቆይቼ ገንዳው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ባለቤቴን ለሚሊሺያ መለመለው። ስብሰባ ላይ ቃል ተመላልሰው ነበር፤ ሌላ ምክንያት አላውቅም። ወደ ሰሜን ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ወራት ቆይቶ ያው ሊቀመንበር ሁለት ዘበኛ አስከትሎ መጣና ገንዳውን ለአብዮት በዓል የቀበሌውን አዳራሽ ያደምቅ ብሎ አስጫነው። በዓሉ አለፈ፣ ገንዳው ግን እዚያው ቀረ። ከባለቤቴ እጅ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ሳልመልሰው ላልተኛ ማልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ግን ቂሜን እንደያዝኩ አምስቱንም ወቅት እሰግድ ነበር።

ሰውዬው ገንዳውን ሲያሳጥብ ሽበቱን ቆሻሻ መስሎት አስጥሎታል። ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ገንዳው ራቁቱን መሆኑ አሳፈረውና ሻይ ቤቴ ድረስ መጣ።

«አንቺ፣ ያንን አረንጓዴ ከየት ነበር የምታመጪው?»

«ከውሃ ዳር ነው ጓድ፣ ከድንጋይ ላይ።»

«ፍልውሃው ጋ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አይቻለሁ። እሱ ነዋ!»

«እርስዎ ካዩት እኔ ምን እጨምራለሁ» አልኩና ሻዩን ቀዳሁለት።

ደገኛ ነው። በዚያ ሁሉ በተቃጠለ አገር ፍልውሃው ውስጥ የተኛውን አረንጓዴ ያየ ደገኛ ሁሉ ይደነቅበታል። በሚፈላ ውሃ የኖረ ነገር ግን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሞታል፤ ይበሰብስና ዓሣውንም ይዞ ይሄዳል። ይህን አውቅ ነበር። ደስ እያለኝ ዝም አልኩ።

አረንጓዴውን ከፍልውሃው በጄሪካን አስቀድቶ ገንዳውን ሞላው። እንግዶቹ የገቡ ዕለት ሻይ ላቀርብ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ገንዳው ቡናማ ሆኖ አረፋ ደፍቋል፣ ዓሦቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። የእንግዶቹ አለቃ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ «ይሄን አውጡልን!» አለ።

«ይዘሽው ሂጂ!» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ለአንድ ሰው ይከብዳል ጓድ። በዚያ በኩል እርስዎ ይያዙልኝ።»

አለቃው ሳቀና «ያዝላት እንጂ!» አለው።

ተያይዘን ወጣን። የሊቀመንበሩ ካኪ ተተኩሶ ነበር። እኔ በየእርምጃው በኩሌ ከፍ አደርጋለሁ፣ ውሃው ወደሱ ይደፋል። በገበያው መሃል ስናልፍ አንዷ ጫት ሻጭ «ጓድ፣ ምን ሞቶብዎት ነው?» አለችው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ወላሂ፣ የዚያን ቀን ያህል ጠግቤ አላውቅም።

ደጃፌ ላይ ስናስቀምጠው እጁን እያራገፈ «ይኸው፣ ንብረትሽን ተረከብሽ» አለኝ።

«የሠራውን ሰውስ መቼ ይመልሱልኛል?»

ለማዋረድ ያልኩት ነበር። እሱ ግን ንዴት ላይ ነበርና አፉን አልያዘም። «እሱማ መርዶው የመጣው ገንዳውን ሳንወስድ በፊት ነው። ለቅሶ በዓሉን እንዳያበላሽ ብለን ነው ያቆየነው።»

መርዶ የሚያረዳ ሽማግሌ አልላኩልኝ፣ ንጋት ላይ በሬን ያንኳኳ ጎረቤት የለ። ባለቤቴ መሞቱን የሰማሁት ከዚህ አፍ ነው። ጣሳ አነሳሁና ከገንዳው ሥር የቀረውን ዝቃጭ ቀድቼ ፊቱ ላይ ደፋሁት። በዚህ ምክንያት ቀበሌ እስር ቤት ከረምኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የተረፈው ውሃ ጥቂት መሆኑ ነው።