ስድስት ማራገቢያ በአንድ መሰኪያ

ቤተሰቡ «ኢንጂነር» ይለዋል። የምህንድስና ትምህርት ደጃፍ አልረገጠም፤ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ መግጠም ስለሚችል የወጣለት ስም ነው። ስሙን ግን ወዶታል፤ ሲጠሩት ደረቱ ነፋ ይላል።

ታላቅ እህቱ የምረቃ ቪዲዮ እያቀናበረች ነው የምትተዳደረው። አሮጌው ኮምፒውተሯ እየተንቀራፈፈ ሲያስመርራት፣ «እቴቴ፣ እኔ እያለሁልሽ ምን አሳሰበሽ? ዕቃውን ግዢ እንጂ እኔ እገጥምልሻለሁ» አላት።

ገጠመላትም። እንዲያምር ብሎ ስድስት ባለመብራት ማራገቢያ ደረደረበት። ሁሉም ዕቃ በሚገጠምበት ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ለማራገቢያ የተሠራችው መሰኪያ ብትችል አንድ ወይም ሁለት ብትሸከም ነው። እሱ ግን በቅጥያ ገመድ አንዱን ካንዱ እያያያዘ ስድስቱንም እዚያችው ላይ ጫነ። መመሪያውን ከነላስቲኩ ወዲያ ወርውሮት ነበር።

እህቱ ሥራ ላይ እያለች ማራገቢያዎቹ ባንድ ጊዜ ቀጥ አሉ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት። ስትደውልለት እየሮጠ መጣ። ክዳኑን ሲከፍተው መሰኪያዋ ቀልጣለች፤ ዙሪያዋ ጠቁሯል። ወዲያው ገባው። አፉ ግን «ኤሌክትሪኩ ይሆናል» አለ።

እናታቸው ከኋላው ቆመው ነበር። «የምን ኤሌክትሪክ! ጨርቅ ስትደርብበት አይቻለሁ እኮ» አሉ ወደ ሴት ልጃቸው እየጠቆሙ።

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው እማዬ። አፍኜው ይሆናል» አለች እህቱ። ከዚያ ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «ልፋትህን መና አስቀረሁብህ፤ ይቅርታ» አለችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

ሌላ ማዘርቦርድ አምጥቶ እንደገና ሲገጥም አጠገቡ ቁጭ አለች። በዚህኛው መመሪያውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ነበር። የማራገቢያዎቹን ገመድ ሁሉ አንዲት ትንሽ ማከፋፈያ ላይ ሰበሰበ፤ ማከፋፈያዋንም ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚሰጠው ከፓወር ሳፕላዩ ጋር በቀጥታ አገናኛት። ወደ ማዘርቦርዱ የሄደችው የማራገቢያዎቹን ፍጥነት የምታዝ አንዲት ቀጭን ገመድ ብቻ ናት።

«ባለፈው እኮ ሁሉንም እዚህ ጋ ነበር የሰካኸው» አለችው በጣቷ እያሳየች። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ እንዲያው ገርሟት ነው።

ብሎን መፍቻው እጁ ላይ ቀረ። «አዎ» አለ ቀና ሳይል። «ስድስት አትሸከምም። ያቃጠለው ጨርቁ አይደለም እቴቴ፤ እኔ ነኝ። ያን ቀንም አውቄዋለሁ።»

ብትቆጣው በቀለለው። እሷ ግን፣ «ለእማዬ ራስህ ንገራት» አለችው። «እስካሁን ያንን ጨርቅ እያነሳች ትወቅሰኛለች።»

እናቱ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

«እና ያን ቀን አፍህን ምን ያዘው?» አሉና መክተፋቸውን ቀጠሉ።

ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ ግሎ አያውቅም። እህቱ ግን ሥራዋን ገታ አድርጋ ክዳኑን በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች፣ ሙቀቱን ለማወቅ። እሱ ባለበት ስታደርገው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል።