ከካታንያ ሮም በምን ይመጣል?

ሮምን በእግሬ ረግጫት አላውቅም። ግን ከሮም ሚላኖ፣ ከሚላኖ ባሪ፣ ከካታንያ ሮም በባቡር ይሻላል ወይስ በርካሽ አውሮፕላን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ አስቀምጬ እስኪሰለቸው ላወራው እችላለሁ። ርካሹ አውሮፕላን ርካሽ የሚሆነው እጁን አወዛውዞ ለሚሄድ ሰው ነው። ሻንጣ ስታነሣ ዋጋውም አብሮ ይነሣል። የሚያወርድህም ከከተማው ጋር ከስሙ በቀር የማይገናኝ ሜዳ ላይ ነው። ባቡሩ ቀንህን ይበላብሃል እንጂ ከመሐል ከተማ አንሥቶ መሐል ከተማ ያወርድሃል፤ ዕቃህንም ማንም አይመዝንብህም። ይህን ሁሉ ያጠናሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርትማችን ሳሎን ውስጥ፣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። አንድም ቀን አልጠቀመንም።

ታናሽ ወንድሜ ሲሲሊ ነበር፣ ካታንያ አካባቢ። እናቴን እኔ በግሪን ካርድ አምጥቻት አብራኝ ትኖር ነበር። ልቧ ደክሞ ነበር። ሐኪሟ መብረር ትችላለች፣ ግን ብዙ አታቆዩት አለን። እሷም ከዚያ በኋላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳልሞት ልጄን አሳየኝ።

ወንድሜ ጣሊያን የገባው ከሊቢያ በጀልባ ነው። ሊነሣ ሲል ደወለልኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ ለእማዬ በአውሮፕላን ሄደ በላት።"

"እሺ።"

"እሺ አይደለም፣ ማልልኝ። እማዬ ትሙት በል።"

"እማዬ ትሙት" አልኩት። በቤታችን ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም። ልጆች ሆነን ብርጭቆ ሰብረን ስንደባበቅ እንኳ የምንማማለው በዚሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፁን እስክሰማ ድረስ እንዴት እንደሰነበትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ደውሎ ገባሁ አለኝ። ጀልባው ላይ አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው ጓደኛው አልደረሰም። ከዚህ በላይ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ለእማዬ፣ ልጅሽ በሰላም ገባ አልኳት። እሷ ራሷ በሕይወቷ የተሳፈረችው ከአዲስ አበባ እዚህ ደለስ ኤርፖርት አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር ስለ አውሮፕላን አዋቂ ሆና ጥያቄዋን አዥጎደጎደችው። መስኮት ጋ ነው የተቀመጠው? ምን አበሉት? እኔም መስኮት ጋ ነው፣ ዶሮ በሩዝ ነው የበላው እያልኩ መለስኩላት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለሴቶቹ ስታወራ ሰማኋት። ደመናውን ጨምራበታለች።

መጀመሪያ ያሰብነው እኛ ካታንያ ድረስ እንድንሄድ ነበር። ወንድሜ በአንድ ቃል ዘጋው። ብርቱካን ለቀማ ነበር የሚሠራው። የሚያድረው መዝጊያ የሌለው ባዶ ቤት ውስጥ ከሌሎች ለቃሚዎች ጋር ነው።

"እማዬ ይህን ቤት አታየውም። ብትመጡ አታገኙኝም" አለኝ። "ሮም አንድ ጓደኛዬ ክፍሉን ያውሰኛል፣ ልብስም ያውሰኛል። እዚያ እንደ ሰው ሆኜ ትየኝ።"

ሮም ይሁን ተባለ። ታዲያ ከካታንያ ሮም በምን ይመጣል? እናቴ በአውሮፕላን አለች። እኔ በባቡር አልኩ። የጥገኝነት ወረቀቱ ተከልክሎ ይግባኝ ላይ ነበር፣ በእጁ የነበረውም መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል፤ ኤርፖርት ደግሞ ያለ መታወቂያ አያሳፍሩም። ይህን ለእሷ ማስረዳት አይቻልም። በአውሮፕላን ገባ የተባለ ልጅ ወረቀት አጣ ቢባል ሌላው ሁሉ መመዘዙ ነው። ስለዚህ የባቡር ጠበቃ ሆንኩ። ኤርፖርቱ ከከተማ ይርቃል፣ ለሻንጣ ያስከፍላሉ፣ ባቡር ላይ አገር እያየ ይመጣል እያልኩ ለፈለፍኩ።

"እሱ ለመምጣት ምን ሻንጣ አለው?" አለችኝ። "ሻንጣው የእኔ ነው።"

እውነቷን ነው። በርበሬውና ቆሎው ተቋጥሮ፣ በምሠራባት በአሌክሳንድሪያ፣ ከሥራ ስወጣ የገዛሁለት ግራጫ ሹራብ ታጥፎ ሻንጣዋ በር ሥር ቆሞ ነበር።

ቲኬታችንን ልቆርጥ ስል ወንድሜ "ቆይ፣ መጀመሪያ መንገዱን ልሞክረው" አለኝ። ፖሊስ ፈርቶ መሰለኝ። ጥሩ፣ ሞክረው አልኩት። ሲሲሊ ደሴት መሆኗን አውቃለሁ፣ ካርታውን በስልኬ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዋናው ምድር የሚለያት ባሕር ቀጭን መስመር ነው፤ ድልድይ ይኖረዋል ብዬ አለፍኩት። እኔ ራሴ በየማለዳው ወደ ሥራ ስሄድ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ነው የምሻገረው፣ ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ውኃ መኖሩን እንኳ ልብ ሳልል።

እሱ በተሳፈረ ቀን ጠዋት አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ፣ የመስተዋት ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ደወለ።

"ወንድም ጋሼ፣ ባቡሩ ቆመ።"

"ጣቢያ ደርሶ ነዋ።"

"መሲና ነው። እየቆራረጡት ነው።"

"ምኑን?"

"ባቡሩን! ፊተኛውን ነጥለው እየገፉት ነው። ወንድም ጋሼ፣ መርከብ ነው። ባቡሩን መርከብ ውስጥ እያስገቡት ነው።"

ሰው ባቡርን መርከብ ላይ ይጭናል ብዬ እንዴት ልገምት? "ተቀመጥ!" ብዬ ጮህኩ። "ትልቅ መርከብ ነው፣ ጀልባ አይደለም፣ ምንም አትሆንም፣ ዓይንህን ጨፍን!" መኪናውን የሚጠብቅ ሰውዬ ቁልፉን ፈልጎ መስተዋቱን ያንኳኳል። በስልኩ ውስጥ የብረት ጩኸት ይሰማኛል፣ ከዚያ የንፋስ ድምፅ፣ ከዚያ እንደ ሯጭ የሚቆራረጥ ትንፋሽ።

"ወርጃለሁ" አለኝ።

"እናትህ ልትሞት ነው፣ አንተ ደንቆሮ!"

"አውቃለሁ" አለ።

ማታ ለእማዬ፣ ባቡሩ አልሆነም አልኳት። "እኔ ምን አልኩ? በአውሮፕላን ይምጣ" አለች፣ ደስ ብሏት። ከሥራ አልለቀቁትም አልኳት። በሚቀጥለው ወር ይምጣ አለች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ምክንያት ፈጠርኩ፣ ከዚያም ሌላ፤ ምክንያቶቼ እየሳሱ ሄዱ። ወንድሜን ለመንኩት፤ እባክህ ከመሐላው ፍታኝ፣ ልንገራት አልኩት። "አይሆንም" አለ። "በዚያ ልቧ ይህን ሰምታ ትሙት? እኔ ነኝ የምገድላት?" እኔም ብሆን ድፍረቱ አልነበረኝም። መሐላ የምፈራ ሰው አይደለሁም። ግን እማዬ ትሙት ብዬ ምዬ፣ እማዬ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት እያየሁ፣ አፌ አልከፈት አለኝ።

አንድ ቀን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች እንዲህ አለችኝ።

"ያኔ ለራሱ ሲሆን መስኮት ጋ ተደላድሎ፣ ዶሮ እየበላ መጣ። ለእኔ ሲሆን አንዲት ሰዓት መብረር ከበደው?"

"እማዬ፣ እንደሱ አይደለም።"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

ዶሮውን ያበላሁት እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ሲደውል ስልኩን አልቀበልም አለች። ዓይኗን አፍጥጣ እያየችኝ "ተኝታለች በለው" ትለኛለች። ተኝታለች እለዋለሁ። እሱም "በደንብ ትረፍ፣ አትቀስቅሳት" ይለኛል። በርበሬውን ለቤታችን አወጣችው። ሹራቡን ለቤተ ክርስቲያን ስጥልኝ አለችና ወስጄ ሰጠሁ። ልትጠይቃት ከስፕሪንግፊልድ ለመጣች ባልቴት "ከሁለቱ አንዱ ጨካኝ ወጣብኝ" ስትል በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሆስፒታል ስትገባም አልጠራችውም። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ስሙን ከአፏ አልሰማሁም።

መርዶውን በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ ተሰብስቦ የሚያረዳው ዘመድ የለውም። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ብዙ ቆይቶ ድምፁ መለስ ሲልለት ጠየቀኝ።

"ነገርካት እንዴ?"

"አልነገርኳትም።"

"የባሕሩን? ምንም?"

"ምንም።"

"እማዬ ትሙት በል" አለኝ።

ከልጅነታችን ጀምሮ ከአፉ የማይጠፋ ነገር ስለሆነ ነው ያመለጠው።